የጋሽ አሳንሰር የልብ ምት

ባለቤቷ የአሳንሰር ባለሙያ ነበር። ዕድሜውን በረጃጅም ሕንፃዎች ጉድጓድ ውስጥ ገመድ ሲፈትሽና ሰው ሲያስቅ ኖረ። የልብህ ቫልቭ መቀየር አለበት ሲባል ሐኪሙን፣ «አዲሱ ስንት ሰው ይጭናል?» ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ ቀልድ አልገባውም፤ እሷም በሐኪሙ ፊት መሳቅ አፍራ ውጭ እስኪወጡ ድረስ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። ከሆስፒታል ሲወጣ የልብ ክፍሉ ሰዎች ስማርት ሰዓት አሰሩለት። ልቡ በተከፈተ ሰው ላይ የልብ ምት ድንገት ሊዛባ እንደሚችል፣ በሽተኛው ሳያውቀው ደም እንደሚረጋና ወደ አንጎል እንደሚሄድ ነገሯቸው። ሰዓቱ ከእጅ አንጓው ላይ ምቱን እያነበበ በስልኩ በኩል ለክፍሉ ይልካል። የሚላከውን የምትከታተለው አንዲት ሲስተር ነበረች። በየሳምንቱ አጭር መልእክት ትጽፍለታለች፣ አንዳንዴም ትደውላለች፤ እሱም በቀልድ ይመልስላታል። ሳይውል ሳያድር «ጋሽ አሳንሰር» ብላ ስም አወጣችለት። ሚስቱ ሲስተሯን በዓይኗ አይታት አታውቅም፤ ስትስቅ ግን ድምጿ ከስልኩ ተርፎ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ከዚያ አገግሜያለሁ ብሎ ወንድሙን ሊጠይቅ ሌላ ከተማ ሄደ። ሲሄድ ሰዓቱን ራስጌው ካለው ባትሪ መሙያ ላይ ረስቶት ነበር። በሄደበት የሳንባ ምች ያዘው፤ እዚያው አረፈ።

ወንድሙ ዕቃውን በፌስታል አድርጎ አመጣላት። መነጽሩ፣ ማበጠሪያው፣ ስልኩ። እሷ ዕቃ ለማስቀመጥ የምትቸገር ሴት አልነበረችም። መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ አኖረች፣ ማበጠሪያውን አጥባ ከራሷ ማበጠሪያ አጠገብ አስቀመጠች። ስልኩን ግን ባትሪ ሞላችውና ከፈተችው። የሲስተሯ መልእክቶች ተደርድረው ይጠብቁ ነበር።

«ጋሽ አሳንሰር፣ ሰዓቱን አላሰሩትም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ምንም እየደረሰኝ አይደለም። ባትሪው አልቆ ይሆን?»

«ጋሼ፣ ጠፉብኝ እኮ። ደህና ነዎት?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «ባለቤቴ አርፏል» ብላ ጻፈች። ቃሉ ልክ ነው፣ ፊደሉም ልክ ነው፤ ጣቷ ግን መላኪያው ላይ አልወርድ አለ። አጠፋችውና እንደገና ጻፈችው። እንደገና አጠፋችው። ሰዓቱ እዚያው ራስጌው ላይ ነበር። አንስታ አሰረችው። ለምን እንዳሰረችው ብትጠየቅ፣ ይሠራ እንደሆን ላይ ብዬ ነው ትል ነበር። እሱ ያስርበት የነበረው ቀዳዳ ለእሷ ሰፋ፤ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ አልፋ አጠበቀችው። ከሰዓቱ ሥር አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት መልእክት ገባ።

«እሰይ! ተመለሱ! ምትዎ እንደ ድሮው ነው፣ ልክ ነው። ሁለተኛ እንዲህ አያስደንግጡኝ።»

ሻይ ጥዳ ነበር። ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው ድረስ አላየችውም። «ተመለሱ» የሚለውን ቃል ደጋግማ አነበበችው። በዚያ ሳምንት ቤቷ የገባ ሰው ሁሉ ያወራላት እንደሄደ ነበር፤ ሄደ፣ አረፈ፣ ተገላገለ። ተመለሰ ያላት ሰው ይህች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ቆማ ሳለች እጇ የእሱን ስልክ አነሳና፣ «ፎቅ መሃል መብራት ጠፍቶብኝ ነበር» ብሎ መለሰ። ሲስተሯ እንባ እስኪወጣው የሚስቅ ፊት ላከች።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱን አላወለቀችውም።

ልጅ አልወለዱም። ሊጠይቃት የሚመጣው ሰው መጀመሪያ በየቀኑ፣ ከዚያ አንዳንዴ፣ ከዚያ በስልክ ብቻ ሆነ። «በርቺ እንግዲህ» ይሏታል፤ እሷም «በርትቻለሁ» ትላለች፣ ወሬው ያልቃል። እሷም ብትሆን ሐዘኗን ለሰው አውጥታ የምታሳይ አልነበረችም። ሥራ የገባችው ጥቁር ለብሳ ሳይሆን ነጩን ጋዋኗን ለብሳ ነው። ማታ ማታ አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ አጥባ ትደረድራለች፤ ከዚያ ሶፋው ላይ፣ በእሱ ወገን ሳይሆን በራሷ ወገን፣ ትቀመጣለች። አንዳንድ ጊዜ የሰዓቱን መስታወት ነካ ታደርገዋለች። ቁጥሩ ይወጣል። በልቧ የምታየው የእሱን ቁጥር ነበር። ደህና ነው ትላለች፣ ደህና ነው፤ ተነሥታም ትተኛለች። ይህ እብደት እንደሆነ ታውቃለች። ሳይንስ የተማረች ሴት ናት። ግን ማንንም አይጎዳም ብላ አስባ ነበር።

በየሳምንቱ መልእክቱ ይመጣል። «ጋሽ አሳንሰር፣ ሳምንቱ ጥሩ ነበር።» እሷም በእሱ አፍ ትመልሳለች፤ ከተደወለ ግን አታነሳም፣ ቆይታ በጽሑፍ ትቀልዳለች። ቀልዱን ማግኘት አላስቸገራትም፤ ለዘመናት የሰማችው ነው። የሚያስቸግራት ከላከችው በኋላ ያለው ጊዜ ነበር። ቤቱ ከቀልዱ በፊት ከነበረው የበለጠ ጸጥ ይላል።

የከተማው የውሃ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነች። ከየሰፈሩ ቧንቧና ከየማጠራቀሚያው በጠርሙስ የሚቀዳ ውሃ ይመጣላታል፤ ክሎሪኑ ይለካል፣ ድፍርስነቱ ይታያል፣ ከፊሉ ተህዋስ ይኖረው እንደሆን በሙቀት ሳጥን ውስጥ ያድራል። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የተቀዳበት ቦታ፣ ሰዓቱና የቀዳው ሰው ስም ተለጥፏል። ቀጂው ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነበር፣ የላቦራቶሪውን መኪናም የሚነዳው እሱ ነው።

«እትዬ፣» አላት አንድ ቀን ጠዋት ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ እያሳረፈ፣ «ይቺ ሰዓት እርምጃ ትቆጥራለች አሉ። ዛሬ ስንት ሄዱ?»

«ካንተ ወሬ ያነሰ።»

«ኧረ እግዚኦ! ከወሬዬ በላይ የሚሄድማ አገር ያልቅበታል።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራት። ሰሞኑን እንዲህ ሆናለች። የላቦራቶሪውን ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ስልክ የምታይ ትመስላለች። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ላላ ብሎን ይንቀጠቀጥና ይተዋታል። ሐዘን ነው ብላ ተወችው። ሐዘን ሰውነት ውስጥ ይገባል ሲባል ሰምታለች፤ ገብቶ ከሆነም ሐኪም የሚያወጣው አይደለም። እንዲያውም፣ ለማንም ባትናገረውም፣ ያ መንቀጥቀጥ ደስ ይላት ነበር። ቢያንስ አንድ ነገር በውስጧ እንደሚገባው አዝኗል።

ጠርሙሶቹን እያወጣች ስታይ ሁለቱን ከሣጥኑ ለይታ ወደ ብርሃኑ አነሳቻቸው።

«ይህ የላይኛው ማጠራቀሚያ ነው?»

«ነው።»

«የላይኛው ማጠራቀሚያ ውሃ እንዲህ ደፍርሶ አያውቅም። ስማቸውን አቀያይረሃል።»

ቀጂው አንገቱን አሽቶ አያቸው። «ውይ፣ እውነትዎን ነው። መኪናው ውስጥ ነው የለጠፍኩት። ምን አለበት፣ አቀያይራቸዋለሁ። የትኛው የት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ።»

ሁለቱንም ጠርሙስ ማጠቢያው ላይ ደፋቻቸው።

«እትዬ!»

«አንተ ታውቃለህ። ውሃውን የሚጠጣው ሰው ግን አያውቅም። ደህናው ሰፈር አፍልታችሁ ጠጡ ይባላል፣ የተበከለው ሰፈር ዝም ብሎ ይጠጣል። ሂድና ድጋሚ ቅዳ።»

እያጉረመረመ ወጣ። ዳገቱ፣ ነዳጁ፣ የእሷ ልብ አለመራራት፣ ሁሉም ከኮሪደሩ እስኪጠፋ ድረስ ይሰማት ነበር።

ሰዓቱ የተንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ጓንቷን አውልቃ አየችው። «የልብ ምት መዛባት ምልክት ታይቷል» ይላል።

መድኃኒቱን ረስቶ ነው፣ አለች በልቧ።

እንዲህ ነው ያለችው። ሌላ ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት ጋዋኗ ኪስ ውስጥ እጇን ከታ ስልኳን አወጣች፣ የእሱን ቁጥር ፈለገች፣ ደወለች። ወንበሩ ላይ የተሰቀለው የእጅ ቦርሳዋ ጮኸ።

ቆማ ሰማችው። የመረጠው ዜማ የድሮ አሳንሰር ሲደርስ የሚያሰማው ዓይነት ደወል ነበር። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ዝም አለ፤ ወዲያው ደግሞ መጮህ ጀመረ። አሁን የምትደውለው እሷ አልነበረችም። ቦርሳዋን ከፍታ አነሳችው።

«ጋሽ አሳንሰር?»

«ባለቤቱ ነኝ።»

«እንደምን አደሩ እትዬ። ጋሼ የት አሉ?»

«ወጣ ብሏል።»

«ሰዓቱን አስረውታል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ፈልገው ያግኙልኝ። ከትናንት ጀምሮ ምታቸው ተዛብቷል፤ ዛሬ ደግሞ ብሶበታል። ድካም አላቸው? ትንፋሽ ያጥራቸዋል?»

«ደረጃ ላይ፣ ትንሽ» አለች።

«ታዲያ ለምን አትደውሉልኝም? ጋሼስ ይሁን፣ በቀልድ ነው የሚሸፍኑት። እርስዎ እንኳ! ይህ እኮ ሰው አልጋ ላይ የሚያስቀር ነገር ነው። ዛሬውኑ ይምጡ፣ ነገ አይባልም። ደም ማቅጠኛውን በሥርዓት እየወሰዱ ነው?»

«አይ።»

«አይ ማለት?»

«መልሼ እደውልልሻለሁ።»

የኬሚካል ማስቀመጫው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ሰዓቱን ፈታችው። ከሥሩ ቆዳዋ ነጥቶ፣ ረጥቦ ነበር። አረንጓዴው መብራት የሚያነበው አጥቶ ጥቂት ብልጭ ብልጭ አለና ጠፋ።

መውጫ ነበረው። በእሱ ስልክ ጻፈችው፤ «ሲስተር፣ ወንድሜ ዘንድ ልኖር ሄጃለሁ። እዚያ ሐኪም ይዞኛል። ሰዓቱን በሰው እልክልሻለሁ። ስላሳቅሁሽ ደሞዝ አልጠይቅሽም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቢያያት እሱ ራሱ ይኮራባት ነበር። ሲስተሯ ትከፋ ይሆናል፣ ደህና ይሁኑ ትለዋለች፣ በዚያው ያበቃል። እሱም በአንዲት ሴት ሐሳብ ውስጥ፣ በሆነ ከተማ፣ ሻይ እየጠጣና እየቀለደ ይኖራል። የሚሞትበት ቀን የለም። ይህን ያህል ልታደርግለት ትችላለች።

የቀረው የእሷ ነገር ነው። ሁለት ጣቷን የእጇ አንጓ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን የግድግዳው ሰዓት ላይ አድርጋ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች፣ አልገጠመም። ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለክቶ የተለያየ ያገኘ ሰው ሦስተኛ ይለካል። ሦስተኛውም ከሁለቱ አልገጠመም። ምቱ ይሮጣል፣ ይደናቀፋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። ሐዘን አልነበረም። ወይም ሐዘን ብቻ አልነበረም። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ውጤቱም ልክ ነው፤ የተሳሳተው የተለጠፈበት ስም ነው። እሱ አፍልተህ ጠጣ ተባለ፤ የታመመችው ዝም ብላ ትጠጣለች።

መኖር እፈልጋለሁ ወይ ብላ ራሷን አልጠየቀችም። ጠይቃ መልሱን እንዳትሰማ ፈራች። ስልኩን እንደያዘች፣ ሳትልከውም ሳታጠፋውም ተቀመጠች።

በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ፣ እዚህ ነዎት? ቀድቼ መጣሁ። ስሙን እዚያው ቧንቧው ሥር ለጠፍኩት፣ ሦስቴም አይቼዋለሁ። አሁን እንኳ እንዳይደፉብኝ።»

ድምፁ ውስጥ ኩርፊያም ኩራትም ነበረበት። ያን ሁሉ ዳገት ተመልሶ ወጥቶ ወርዷል። እሷ ሂድ ስላለችው።

«መጣሁ» አለች። የጻፈችውን አጠፋችና ደወለች። ሲስተሯ ያነሳችው ገና መጥራት ሲጀምር ነው።

«አገኙልኝ?»

«ሲስተር፣ ልቡ የእሱ አይደለም። የኔ ነው።»

«አልገባኝም።»

«ሰዓቱን ያሰርሁት እኔ ነኝ። ተመለሱ ካልሽበት ቀን ጀምሮ እኔ ነኝ። እሱ…» ካርቶኖቹን አየች፤ ሁሉም ላይ «በጥንቃቄ ይያዝ» ይላል። «እሱ አርፏል።»

ከወዲያ በኩል የሆነ በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ የሆነ ሰው የሆነ ሰው ጠራ።

«አሁን ቆመዋል ወይስ ተቀምጠዋል?» አለች ሲስተሯ። ድምጿ ሌላ ሆኗል።

«ቆሜያለሁ።»

«ይቀመጡ። አጠገብዎ ሰው አለ?»

በሩን ከፈተችው። ቀጂው ሁለት ጠርሙስ አቅፎ ቆሟል።

«አለ።»

«ስልኩን ይስጡት።»

ከጠርሙስ ሣጥኖቹ ጋር በመኪናው እየተንገጫገጩ ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። ቀጂው በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ከሁሉም ያስፈራት ይህ ነው።

የልብ ክፍሉ ኮሪደር ጠባብና የሳሙና ሽታ ያለበት ነበር። አንዲት ጠባብ አልጋ ላይ አስተኝተው ደረቷ ላይ፣ እጇና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ለጠፉባት፤ ሽቦ አያያዙባት። አንድ ወጣት ሐኪም ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ምቷ በእርግጥ ተዛብቷል፤ ቶሎ መጥታለች፤ ደም ማቅጠኛ ዛሬ ይጀመርላታል፤ ለጥቂት ቀን እዚሁ ትቆያለች። «ዕድለኛ ነዎት፣ ሰዓቱ ባይኖር…» ብሎ ጀመረና ሌላ ክፍል ጠሩት።

ሲስተሯ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። በሳቋ ልጅ እግር መስላት ነበር። የገባችው ሴት ግን ጠና ያለች፣ ጠጉሯ ጆሮዋ ላይ የሸበተ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነበረች። ምናልባት እኩያዋ።

«በስልክ አንቺ እያልሁዎት…» አለች ከተኛችበት ለመነሣት እየሞከረች።

«ይተዉት፣ አይነሡ፣ ሽቦው ይነቀላል።»

ሲስተሯ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የእሱን ፋይል መዝጋት እንዳለባት፣ ለእሷም አዲስ መክፈት እንዳለባት ነገረቻት፤ ያረፈበትን ቀን ጠየቀቻት። ቀኑን ነገረቻት። ሲስተሯ ጻፈችው፤ ጽፋም ስትጨርስ ፊቷን ከስክሪኑ አልመለሰችም።

«ፎቅ መሃል መብራት ጠፍቶብኝ ነበር ያሉኝ» አለች ቆይታ። «ያም የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ለክፍሉ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ጋሽ አሳንሰር እንዲህ አሉኝ እያልሁ። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ስቀዋል።»

«ከእሱ ጋር ብዙ ኖሬ ነው።»

«ተቆጥቻለሁ እኮ። ሌላ ጊዜ ብዙ እናገርዎታለሁ፤ አሁን አልችልም።» መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች። «እናንተ ለቅሶውን ጨርሳችኋል። እኔ ዛሬ መስማቴ ነው።»

ለሌላው ሰው ሁሉ የሴትዮዋ ባል ከሞተ ቆይቷል፤ ነገሩ አልቆ፣ «በርቺ» ተብሎ ተዘግቷል። እዚህ ግን እሱ ገና ዛሬ የሞተባት አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ከእሷ ሌላ ለእሱ ገና ያልበረታ ሰው እንዳለ አላወቀችም ነበር።

«በምን አረፉ?»

አፏን ስትከፍት ሲስተሯ እጇን አነሳች። «ቆይ፣ ማሽኑ ሲያነብ አይናገሩ። እስትንፋስዎን ያዝ ያድርጉት።»

ያዘች። ማሽኑ ወረቀቱን እየጎተተ አወጣ። ሲስተሯ ወረቀቱን ቆርጣ፣ አጥፋ፣ ጎን አስቀመጠችው።

«አሁን ይንገሩኝ።»

ነገረቻት። ዝናብ በዝቶ ውሃው ሁሉ የደፈረሰበት ሰሞን እንደነበር፤ ላቦራቶሪውን ትታ መሄድ ስላልተቻላት ባሏ በስልክ ቀላል ጉንፋን ነው ያላትን እንዳመነች፤ ወንድሙ ሲደውል ከድምፁ ነገሩን ተረድታ አውቶቡስ እንደተሳፈረች። የጠየቃት ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «ደረስሁ» ብላ ታልፈው ነበር። ሁልጊዜም እንዲያ ነው የምትለው፣ ማንም ከዚያ ወዲያ ጠይቋት አያውቅም።

«አልደረስሁበትም» አለች። «ስገባ አልጋው ተነጥፎ ነበር።»

ሲስተሯ አይዞዎት አላለችም። ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች።

«ብቻቸውን ነበሩ?»

ጣሪያውን አየች። ኮሪደሩ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው አለፈ።

«አላውቅም» አለች። «አልጠየቅሁም።»

ሲስተሯ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች፣ የተለጠፈበትን ቦታ በጥጥ እየጠረገችላት፣ የቀረውን እስክትነግራት ጠበቀቻት። የቀረ ነገር አልነበረም። ያልጠየቀችው ብቻ ነበር።